ከወለሉ ሥር ያለው ሽታ

ባለፈው ክረምት ጎንደር የምኖርበት ቤት ምድር ቤቱ ውሃ ገባበት። ዝናቡ ካባራ በኋላ በሩን ስከፍተው የታፈነ፣ የከረፋ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። አከራዬ በረኪና ሊያመጣ ሮጠ። እኔ ግን በሐሳብ ደባርቅ፣ የደርግ ጊዜ፣ እናቴ ቤት ነበርሁ። አያ መርሻ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ታዩኝ።

አያ መርሻ ጎረቤታችን ነበሩ። ለብዙ ዘመን ጎርጎራ፣ የጣና ጀልባ ላይ ሠርተው፣ ሚስታቸው ስትሞት ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በአናጢነት ይተዳደሩ ነበር። ዝምተኛ ናቸው። ስለ ጀልባ ሲጠየቁም ስለ ሐይቁ ማማር ሳይሆን ስለ ጀልባዋ ሆድ ነበር የሚያወሩት። ከወለሏ በታች ውሃ ይጠራቀማል፤ ናፍጣና የዓሣ ቆሻሻ ይገባበትና ይከረፋል። እዚያ ወርዶ ማጽዳት የእሳቸው ሥራ ነበር። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ መሐል ታፍሶ ተወስዶ፣ ወሬው ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ወንድሜ ታደሰም እንዳይታፈስ እናቴ ከወለሉ ሥር ደብቃው ነበር። ቤታችን ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ስለተሠራ ከጣውላው በታች ሰው በሆዱ የሚሳብበት ክፍተት ነበረው። በጋውን እንደምንም ገፋው። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ በመሠረቱ ስንጥቅ እየሰረገ እሱ ከተኛበት ተጠራቀመ። ያልታጠበ ገላውና የረጠበ አጎዛው ተደባልቀው ሽታው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። እናቴ የጥድ ቅጠል አጨሰች፤ ባሰበት። ታደሰ በጭሱ ሲስል፣ እንዳይሰማ እኛም ላይ ሆነን አብረነው እንስል ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ገባ። ገና ከበሩ አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«አይጥ ሞቶ ነው፣ ከወለሉ ሥር» አለች እናቴ።

«ታዲያ ወለሉ ይነሣ! በሽታ ልታመጪብን ነው?» ጠባቂውን «ተነሥቶ ሳታይ እንዳትመጣ» ብሎት ሄደ።

እናቴ አያ መርሻን አስጠራች። ጠባቂው እየሰማ ስለነበር «አያ መርሻ፣ ከወለሉ ሥር የሞተ ነገር አለ» ከማለት በቀር ምንም ማለት አልቻለችም። ከጓዳው ደጃፍ ቆማ አልነቃነቅ አለች። እሳቸው ተንበርክከው ጣውላውን አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው የቆመችበትን፣ ፊቷን አዩ።

«የሞተስ የለም፣ እቴ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «የቆመ ውሃ ነው! በጭስ አይለቅም፤ መውጣት አለበት። ከበሩ በኩል እጀምርና ወደ ጓዳ እሄዳለሁ!»

ለማን እንደተናገሩ ገባኝ። ከጓዳው በኩል፣ ከጣውላው በታች፣ አንድ ነገር ሲሳብ የሰማሁ መሰለኝ።

የበሩን በኩል ጣውላ ነቅለው ጥቁሩን ውሃ በባልዲ እየቀዱ በጠባቂው አፍንጫ ሥር ያመላልሱት ጀመር። ጠባቂው አልቻለም፤ ደጅ ወጥቶ አጥር ሥር አስመለሰው። አያ መርሻ ጣውላውን መልሰው ሲመቱ መዶሻቸው ቤቱን አናጋው። ታደሰ በዚያ ድምፅ ተከልሎ ከጓዳው ወደ በሩ በኩል ተሳበ።

ጓዳው ሲከፈት ጠባቂው ተመልሶ በጠመንጃው አፈ ሙዝ ጭቃውን ነካካ። አጎዛው ወጣ።

«ይህስ?»

እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ወለሉን ስሠራ ብርድ ይከላከላል ብዬ እኔው ነኝ የከተትሁት» አሉ አያ መርሻ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ። «ይኸው በስብሶ ጉድ ሠራን። እንካ፣ ጣልልኝ።» የሚንጠባጠበውን አጎዛ ወደ ደረቱ ሲዘረጉለት ጠባቂው ወደ ኋላ ሸሸ፤ በዚያው ሄደ።

አያ መርሻ ግን ሥራውን አልተዉም። ቀሪውን ውሃ ጨልፈው፣ ኖራና አመድ በትነው፣ መሠረቱን በሁለት በኩል ሸንቁረው ንፋስ መግቢያና መውጫ አበጁለት። ሽታው ጠፋ። በማግስቱ የልጃቸውን ደረቅ አጎዛና ጋቢ ጠቅልለው አምጥተው «ለወለሉ ነው» ብለው ለእናቴ ሰጧት። ጋቢውን ስትቀበል አለቀሰች።

ታደሰ የደርግ ጦር ከተማውን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ ጋቢ አልተለየም። የአያ መርሻ ልጅ ግን ሳይመለስ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ እሳቸው ሲያርፉ፣ ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ከጎርጎራ መጡ። ከድንኳኑ ፊት ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ የቆመውን ታደሰን አይተው፣ «ልጃቸው አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»