መስቱራና የሊና የሥዕል መጽሐፍ

መስቱራ መተማ ውስጥ በአንድ ጣሊያናዊ ጥጥ ነጋዴ ቤት ሞግዚት ነበረች። ባሏን ልጅ ሳትወልድለት ወባ ወስዶባታል፤ የነጋዴውን ልጅ ሊናን ግን ከጨቅላነቷ አዝላ አሳድጋታለች። ልጅቱ ከጣሊያንኛው ይልቅ አማርኛው ይቀናት ነበር።

በ1931 ዓ.ም. መባቻ ለሊና ከአገሯ የተረት መጽሐፍ መጣላትና እናቷ ታነብላት ጀመር። አንድ ቀን ሊና ገጹን ገልጣ ለመስቱራ አሳየቻት። ከንፈሯ ያበጠ፣ ዓይኗ የፈጠጠ ጥቁር ሴት በትልቅ ድስት ነጭ ልጅ ትቀቅላለች።

"መስቱራ፣ አንቺም ልጅ ትበያለሽ?"

"እኔ? ሥጋ እንኳ ለበዓል ነው የምቀምሰው" ብላ ሳቀች።

ሊና አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ አልታዘልም አለች። መስቱራ ድስት በጣደች ቁጥር በር ላይ ቆማ ታያታለች።

መስቱራ ነገሩ ቢከነክናት ለእናትየዋ ነገረቻት። "እመቤቴ፣ ልጅቱ እየፈራችኝ ነው። ያንን መጽሐፍ ቢያርቁላት።"

"የልጆች ተረት እኮ ነው" አለች ሴትዮዋ። "እኔም ያደግሁት በሱ ነው።"

መጋቢት ላይ ገበሬዎች ለእርሻ የለኮሱትን እሳት ነፋስ አንሥቶ ከነጋዴው ቤት የሣር ክዳን ላይ ጣለው። ባልና ሚስቱ መጋዘን ነበሩ። መስቱራ ልብስ ማጠቡን ትታ ገባች። ሊና አልጋ ሥር ተደብቃለች።

"ነይ ልጄ፣ ቤቱ እየነደደ ነው።"

"አትብዪኝ!"

እጇን ስትዘረጋ ነከሰቻት። መስቱራ የልጅቱን እግር ይዛ ጎትታ አወጣቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ የነደደ ማገር የመስቱራ ቀኝ ክንድ ላይ ወደቀ፤ ልጅቱን ግን አልለቀቀችም።

ውጭ ወላጆቹና አንድ ወታደር እየሮጡ ደረሱ። ሊና እናቷ ላይ ተጠመጠመች። "እሳት ውስጥ ልትጨምረኝ ነበር" አለች። መስቱራ የሆነውን ብትናገርም የሚሰማት አጣች። እናትየዋ ክንዷን አየች፤ ዞር አለች። ወታደሩ መስቱራን በዚያው በተቃጠለው ክንዷ ይዞ ወሰዳት።

እስር ቤት ሐኪም አላያትም። ወንድሟ ሽኩር ማር እያመጣ ቁስሏን ይቀባላት ነበር። ቁስሉ ሲሽር ጣቶቿ እንደተኮራመቱ ቀሩ።

በ1933 ጣሊያን መተማን ለቆ ሲሸሽ እስረኞቹ ወጡ። መስቱራ ወንድሟ ቤት ገባች። ሚስቱ ሙሚና በዚያ መሀል ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሙሚና ሕፃኗን ልታሳቅፋት ስትል መስቱራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"እኔን ፈርታ ብታለቅስስ?" አለች።

"ልጅ መቼም ያለቅሳል" አለች ሙሚና።

መስቱራ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።