አባቴ የተረከበው ዱላ

ዛሬ በዩኒቨርሲቲያችን በር ላይ ፖሊሱ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከመጡ አንድ አባት የተቀበለውን ዱላ ግንቡ ላይ ሲያስደግፈው፣ የእንጨቱ ድምፅ ወዳደግኩባት ከተማ ወደ ዳባት መለሰኝ።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አባቴ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነበር። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች መንገድ ላይ ውሻ ስለሚያስቸግራቸው ዱላ ይይዛሉ። አንድ ቀን ከእነሱ ሁለቱ ግቢ ውስጥ በዱላ ተፈናከቱና ወላጆች ተሰበሰቡ።

«ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ይቁምልን። ይኼ ሰውዬ እንደሆነ ዶሮም አያስፈራ!» አሉ ነጋዴው አያ ሞላ። ሰው ሳቀ። ፖሊስ ከመጣ አባቴ ከሥራው እንደሚሰናበት ስለማውቅ እኔ አልሳቅኩም።

አባቴ ተነሳ። «አያ ሞላ፣ ባለፈው ልጅዎ አጥር ሲዘል የያዝኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ጣቢያ ሄደው ዋስ ይሆኑ ነበር።» አሁን ሳቁ ወደ አያ ሞላ ዞረ። «ልጅ ጠመንጃ የሚፈራው እስካየው ድረስ ነው፤ ሰው ካከበረ ግን ማንም ባያየውም ያፍራል። ዱላውን ጠዋት ልረከብ፣ ሲወጡ ልመልስ። ካቃተኝ ፖሊሱ ይምጣ።»

ወላጆቹ «ይሞክረው» ብለው ተስማሙ፤ ንግግሩ ግን ያኔ በደንብ አልገባኝም።

በማግስቱ ከተጣሉት አንዱ፣ ራሱ በሻሽ እንደታሰረ፣ ዱላውን ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ። አባቴ እጁን ሳይዘረጋ «እንዴት አደርክ? ቁስሉ ተሻለህ?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋና ዱላውን በሁለት እጁ አስረከበ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ፖሊስ ሳይመጣ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ። የዶርም ጓደኞቼ በየትምህርት ቤቱ ፖሊስ ይቁም አይቁም ብለው ሲከራከሩ፣ እኔ ሐሳቤን የምጀምረው «አባቴ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው» ብዬ ነው።