ከእናቴ ጀርባ የተወራው

ትናንት ዝናቡ እንዳባራ መስኮቱን ብከፍተው የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ። መንገዱ ዳር አንድ ያረጀ ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ ሲረጥብ እንዲያ ይሸታል። ሌላ ሰው ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ጥርሴን ነከስኩ። ይኸውልሽ፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ያ ሽታ የሚቀሰቅስብኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ንዴትም ነው።

በዚያ ክረምት እናቴ ለሳሏ ቅጠሉን እየቀቀለች በእንፋሎቱ ትታጠን ነበር። ከሱዳን ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ ውስጥ፣ ተራራው ወገብ ላይ ካለ አሮጌ ሕንፃ ሁለት ክፍል ሰጥተውናል፤ ከመስኮቱ ወደቡና የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ይታያል። እኔ በሌላ ጉዞ ቀድሜ መጥቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለገባሁ ዕብራይስጡን ለምጄዋለሁ። እሷ ኡልፓን የሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት እየሄደች ቋንቋውን ገና መልመዷ ነበር። አባቴ ጎንደር ሳለን ሞቷል። ታናሽ ወንድሜም እዚያው ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ቀረ። የተረፍነው እሷ፣ እኔና ታላቅ ወንድሟ አጎቴ ነበርን።

አንድ ጠዋት መሐረቧ ላይ ደም አየሁ።

«ድዴ ነው» አለችኝ፣ መሐረቡን ደረቷ ውስጥ ወሽቃ።

አላመንኳትም። እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አጎቴም ኮታቸውን ደርበው ተከተሉን።

ደረቷን ፎቶ ካነሷት በኋላ ሐኪሙ አስገባን። ጣቶቹ በትምባሆ ቢጫ የሆኑ ረጅም ሰው ነበር። ቀና ብሎ ሳያያት፣ «በቀን ስንት ሲጋራ ታጨሳለች?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ስነግራት እናቴ ሳቀች። «እኔ? ሲጋራ? ጭስስ ጠግቤያለሁ በይው። ሸክላ ሠሪ ነበርኩ። ሸክላ ስተኩስ ነው ያረጀሁ።»

ተረጎምኩለት። አልጻፈውም። «እስቲ ደግመሽ ጠይቂያት፤ ሰዎቻችሁ ያፍራሉ» አለኝ።

ያን «ሰዎቻችሁ» የሚለውን ቃል ዛሬም እንደ አሸዋ በጥርሴ መካከል አገኘዋለሁ።

ከዚያ እናቴን የሆስፒታሉን ቀጭን ልብስ እንዳስለበሷት በርጩማ ላይ ትቷት፣ እኔን ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። ሲጋራ ለኮሰ። ቀኝ ሳንባዋ ላይ ጥላ አለ፣ ካንሰር የሚሉት ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፣ በቱቦ ገብተን ለምርመራ ቁራጭ እንወስዳለን አለ። «ንገሪያትና ትፈርም።» እንዲያ ነው ያለኝ፤ ዳቦ ግዢና ነይ እንደሚሉት።

ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁን የነበሩት አጎቴ ቋንቋውን ባይሰሙም ፊቴን አይተው ደነገጡ። ነገርኳቸው። ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ።

«አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። እንዲህ ያለ ነገር ለታመመ ሰው አይነገርም። ለሳሉ ነው በያት።»

አንዱ እናቴን እንደ ዕቃ፣ ሌላው እንደ ሕፃን አደረጓት። እሷ ከግድግዳው ወዲያ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ነው። ክንዴን መንጭቄ ገባሁ። በዚያን ጊዜ ታላቅ ሰው መመንጨቅ ነውር ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። «እማ፣ ሳንባሽ ላይ ጥላ ታይቷል። ነቀርሳ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ላይሆንም ይችላል።»

ከታች ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ። «ማን ማን ሰማ?» አለችኝ።

«ሐኪሙ። አጎቴም።»

«ከእኔ በፊት?»

ዓይኗ ተለወጠ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ ቁጣ ነው። «በልጄም እንዲህ ነው ያደረጉኝ» አለች። እዚያ መጠለያ ውስጥ እሷ በንዳድ ተይዛ ስትማቅቅ ወንድሜ ሞቶ ነበር። አጎቴና አብረው የነበሩት ሰዎች፣ ነጮቹ ሐኪሞች ወስደውታል፣ ድኖ ይመጣል እያሉ ዋሿት። ከደረሳት ብስኩት ግማሹን ለእሱ እያለች ስታስቀምጥ ከረመች። በመጨረሻ ውኃ ቀጂዎች ሲያወሩ ነው የሰማችው። ይህን ሁሉ እስከዚያች ሰዓት ነግራኝ አታውቅም።

ብድግ አለች። ያንን ልብስ ከኋላዋ በእጇ ሰብስባ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አጎቴን አልፋ ሐኪሙ ፊት ቆመች። በኡልፓን ካገኘቻት ዕብራይስጥ ሁለት ነገር አወጣች።

«አኒ ፖ» አለችው፤ እዚህ ነኝ። «ዳቤር ኢቲ»፤ ከእኔ ጋር ተናገር።

ሰውየው ሲጋራውን አጠፋ። «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ፣ አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እሷንም አስቀመጣት። እኔ እየተረጎምኩ፣ እሷ ግን ከእሱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ያማል ወይ፣ ክፉው ቢሆን ምን ያህል እኖራለሁ፣ ብላ ጠየቀች። መለሰላት። ፈረመች።

ውጤቱ እስኪመጣ አጎቴን አላናገረቻቸውም። ድስት ትፈትጋለች፣ ትስላለች፣ ደግሞ ትፈትጋለች። እኔ አጠገቧ እተኛለሁ፤ ትንፋሿ ሲቆራረጥ የእኔም አብሮ ይቆማል።

ካንሰር አልነበረም። ቲቢ የሚሉት የሳንባ በሽታ ነበር፣ ከመጠለያው ይዛው የመጣችው፤ በመድኃኒት የሚድን። ሐኪሙ ለራሷ ነገራት። ስለ ሲጋራው ግን ይቅርታ አላለም። እሷ ረሳችው። እኔ አልረሳሁም።

በዚያው ሳምንት አርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ አጎቴ ብርቱካን ይዘው መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ «ተመስገን። ይኸው ደህና ሆነ፤ ሳትጨነቂ ቢያልፍ አይሻልም ነበር?» አሉ።

አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ ከለከለችኝ። ከብርቱካኖቹ አንዱን አንስታ መላጥ ጀመረች።

«ልጄን ማን አጠበው?» አለች።

«እኔ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ቤተ እስራኤል መሆናችን እንዳይታወቅብን ፈርተን ነበር።»

«ለዚያ ነው ከእኔ ርቀው የከረሙት?»

«ሬሳ ነክቼ፣ ርኩስ ሆኜ እንዴት እቀርብሻለሁ? ሕጉን ታውቂው የለ።»

«በሽታዬን ፈርተው የሸሹኝ መስሎኝ ነበር» አለች እናቴ። ድምጿ አልተነሣም። «ዓይኑ ተከድኖ ነበር?»

አጎቴ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። እንደገና ሊዋሹ ነው ብዬ እጄን ጨበጥኩ።

«አልተከደነም ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ የከደንኩለት።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ብርቱካኑን ልጣ ስትጨርስ ለሁለት ከፈለችውና ትልቁን ግማሽ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።