ጠበሉን ስንት ሰዓት ጠጡት?

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ባሕር ዳር፣ አባቴ የተኛበት ሆስፒታል ነኝ።

አባቴ ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ላይ ባለጀልባ ነው። የልቡ ምት ከተዛባ ቆይቷል። አንዴ ይጋልባል፣ አንዴ ይደናቀፋል። ባለፈው ወር ሐይቁ መሃል ጀልባ እየነዳ ራሱን ስቶ ወደቀ። ለዚህ ሕክምና የመጡት ሐኪሞች ደግሞ አርብ ይመለሳሉ፤ ዛሬ ካልሆነ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ዶክተሩ ቀድሞ አስረድቶናል። ቀጭን ቱቦ በብሽሽቱ ደም ሥር ገብቶ ልቡ ውስጥ ይደርሳል። ጫፉ ላይ ያለው አልትራሳውንድ የልቡን ውስጥ በስክሪን ያሳያቸዋል፤ እያዩ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በሌላ ቱቦ ይተኩሱታል። አባቴ «ደግ ነው፤ እኔም ድንጋዩ የት እንዳለ ሳላውቅ ጀልባ አልነዳሁም» አለ።

ነርሷ «አባባ፣ ምግብም ውሃም አልቀመሱም አይደል?» ስትለው ኮራ ብሎ «እህል ውሃ በአፌ አልዞረም!» አላት።

ሊወስዱት ሲሉ ጋቢውን ላነሳ... ከትራሱ ሥር ባዶ ሃይላንድ ተንከባለለ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠበል ነዋ!»

«ጠጣኸው?»

«ታዲያስ! ጠበል ውሃ ነው እንዴ? ጾም እንኳ አያስፈታ!»

ዝም ብል፣ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ጠበሉ ወደ ሳንባው ቢሄድበትስ? ብናገር ደግሞ ተራው ሊያልፍ ነው። ተናገርኩ።

ዶክተሩ አልተቆጣም። አጠገቡ ቁጭ አለና «ስንት ሰዓት ጠጡት አባባ?» አለው።

«አሁን፣ አንድ ሰዓት ላይ። ዐርባ ዓመት የባለጀልባ ሚስት ሆና ሐይቁን ፈርታ ጀልባ ረግጣ የማታውቅ ሴት ደሴት ተሻግራ ቀድታ አመጣችልኝ። እንዴት ብዬ አልጠጣም ልበላት?»

ዶክተሩ የመጨረሻ ተረኛ አደረገው፤ ከሰዓት በኋላ።

አባቴ እጄን ያዝ አድርጎ «አንች ልጅ፣ በጠበሉ ምክንያት እንደዘገየ ለናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ። እንባዬ መጣ። ኮሪደር ላይ ለተቀመጠችው እማዬ «መሣሪያው ትንሽ ተበላሽቶ ነው» አልኳት።

አመሻሽ ላይ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ወጣ። «ምታቸው ተስተካክሏል።»

እማዬ መሬት ስማ ተነሣችና «ብያለሁ፣ ጠበሉ ነው!» አለች።

ዶክተሩ እኔን ሰረቅ አድርጎ አየኝና «አሜን፣ እናቴ» አላት።

እማዬ፣ ምናልባት ይሄን ፖስት ሰው ካነበበልሽ... የዘገየው መሣሪያው ነው።