ስልክ ያነሳችው ተሳፋሪ

ሄለን ቁጭ ብላ ማሰብ የማይሆንላት ሰው ናት። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከክንዱ ጋር የተከራየቻት ክፍል ለሁለት ጠረጴዛና ለሁለት ላፕቶፕ እንኳ አትበቃም፤ እሷ ግን እዚያችው ውስጥ ከበሩ እስከ መስኮቱ ስትመላለስ ትውላለች። የምትስለው ቆማ ነው፤ የምትበላውም ቆማ ነው። ክንዱ አንዳንዴ ሲመረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ቀደሽ ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ላይ ልትወርጅባቸው ነው?» ይላታል። እሷ ትስቅና መመላለሷን ትቀጥላለች።

ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው፣ አብረው ሥራ ያጡ ናቸው። ሥራ ሲጠፋ በስልክ የሚጫወቱት ጌም መሥራት ጀመሩ። ስሙን «ረዳቱ» አሉት። እሷ ሰዎቹን ትስላለች፣ ንግግራቸውንም ትጽፋለች፤ እሱ ኮዱን ይጽፋል። ጌሙን የሚጫወተው ሰው የቅጥቅጥ መኪና ረዳት ይሆናል። ከጎንደር ተነስቶ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ድብ ባሕር እስኪገባ ድረስ ተሳፋሪ ያስማማል፣ ጆንያ ጣሪያ ላይ ይጭናል፣ ሙዚቃ ይመርጣል፤ ሰላም የነሳውንም ሰው መንገድ ላይ ማውረድ ይችላል። ተሳፋሪዎቹ የሄለን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ዶሮዋን በጉያዋ ይዛ «እሷም ወንበር ይገባታል» የምትል ወይዘሮ አለች። መስኮት ይከፈት፣ መስኮት ይዘጋ እያለ የሚጨቃጨቅ መምህር አለ። ሙዚቃው እንዲጠፋለት ለምኖ፣ ሲጠፋለት በግዕዝ የሚመርቅ ቄስም አለ። ቄሱን ከአባቷ ነው የቀዳችው፤ አባቷ የደብር ቄስ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት አዲስ ተሳፋሪ ስላ መጣች። ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ፌስታል በጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት ናት። ከአምባ ጊዮርጊስ እንዳለፉ ስልኳ ይጠራል፤ ታነሳና እየሳቀች በቅማንትኛ ታወራለች። ድምፁን ሄለን ራሷ ነበረች የቀዳችው፣ ጭልጋ ተወልዳ ካደገችው አክስቷ በለቀመቻቸው ጥቂት ቃላት።

«ሸጋ ስዕል ነው» አለ ክንዱ። ድምፁን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ይኸ ቅማንትኛ ነው?»

«አዎ። ስልክ እያወራች ነው።»

«ይቅር።»

«ምነው?»

«ፖለቲካ ነዋ! እኛ የምንሠራው ጌም ነው፣ ሄለን። ሰው ድካሙን ሊረሳ ነው የሚከፍተው።»

«የምታወራው እኮ ስለ ጊደር ነው!»

«ስለ ጊደር ታውራ፣ ስለ ገነት ታውራ፣ ማን ያዳምጣታል? ‹ማን አስገባት? ለምን አስገቧት?› ነው የሚሉሽ።»

«ቄሱን ለምን አስገባችሁት ያለን አለ?»

«የለም።»

«ለምን?»

ክንዱ ትከሻውን ሰበቀ። «ቄስማ ማኪና ላይ ይሳፈራል። የታወቀ ነው።»

«እሷስ አትሳፈርም?»

 ላፕቶፑን ከደነና ወደ መስኮቱ ዞረ። ክንዱ የአምባ ጊዮርጊስ የገበሬ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ወንዴ እዚያው መስመር ላይ ሾፌር ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር አነሳ።

«መንገዱ በተረበሸ ጊዜ ወንዴ የጫነውን ማኪና ሰዎች አስቆሙት። ማን እንደሆኑ ዛሬም አያውቅም። ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ከየት ነህ፣ ከየት ነሽ እያሉ ጠየቁ። አንድ ሰውዬ አፉ ተያዘበት። ውረድ አሉት፣ ወረደ። ወንዴን ንዳ አሉት፣ ነዳ። ማታ ማኪናውን ሲያጸዳ የሰውየውን ፌስታል ከወንበር ሥር አገኘው። አንቺ ደግሞ አንዲት ሴት ቅጥቅጥ ውስጥ ተቀምጣ እንዲህ እየሳቀች በቅማንትኛ ስታወራ አይተሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። የሌለ ነገር ነው የሣልሽ። ዝም አይነቅዝም፣ ሄለን። ይቅርብን።»

ሄለን ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እየተናደደች እስከ ታክሲው መያዣ በእግሯ ወረደች። የሚያናድዳት ክንዱ አልነበረም፤ ትክክል መሆኑ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከአክስቷ ከታየች ጋር ለለቅሶ ጭልጋ ሄደው ሲመለሱ የሆነው ትዝ አላት። ቅጥቅጡ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የታየች ስልክ ጠራ። የደወለችው ታላቅ እህቷ ነበረች፤ አሮጊት ናት፣ አማርኛ እምብዛም አይሆንላትም። ታየች ስልኩን አነሳች፣ ግራ ቀኟን አየች፣ በአማርኛ መለሰች። «ደህና ነን። አዎ። እሺ። ስንገባ እደውላለሁ።» እህቷ ከወዲያ እየደጋገመች ስትጠይቅ ይሰማል፣ ታየች እየደጋገመች «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ሁለቱም ሳይግባቡ ስልኩ ተዘጋ።  ሄለንና ታየች እስከ አዘዞ መስኮት መስኮቱን እያዩ ገቡ።

ታየች አዘዞ እህል ትሸጣለች። ሄለንን እናቷ፣ የታየች እህት፣ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሄለን ስትደርስ ሽምብራ እየነፋች አገኘቻት፤ ስልኳን አውጥታ ያችን ተሳፋሪ አሳየቻት። ታየች ወንፊቱን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየች። የራሷን ሻሽ ስታውቀው ፈገግ አለች። ድምፁን ስትሰማ ግን ፊቷን ቋጠረች።

«ይች የማን ልጅ ናት? እንደ ሕፃን ትኮላተፋለች!»

«እኔ ነኝ፣ እታታ።»

«አፈር ስሆን! ይኸን ለሰው ልታሰሚ?»

«ክንዱ ይቅር ብሏል። ፖለቲካ ነው አለ።»

ታየች ወንፊቷን አነሳች። ሽምብራው ጥቂት ተንሿሿ። «እኔ የማንም ባንዲራ አይደለሁም፣ ልጄ። በእኔ ሻሽ ላይ ማንም ምንም እንዳይጽፍብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳያየኝ ኖሬ፣ አሁን በየስልኩ ልታዞሪኝ?»

«እንግዲያው ላጥፋት?»

 ደንበኛ መጣ፣ ታየች ሰፍራ ሸጠች፣ ሸኘች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ መጣች።

«እየሳቀች ማውራቷን ተይው። ማነው ማኪና ላይ እንዲያ የሚስቅ? ሌላው ግን፣ ካስገባሽኝ አይቀር ተኮላታፊ አታድርጊኝ። አምጭ ያን ስልክ።»

እንደዚያ ሆኖ ተቀዳ። ታየች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እህቷ ከወዲያ ያለች ይመስል፣ ጊደሯ ውኃ ጠጥታ እንደሆነ ጠየቀች፤ የጎረቤቱ አጥር ታጥሮ እንደሆነ ጠየቀች፤ የእህቷ ጉልበት እንዴት እንዳደረ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ ሄለን የማታውቀውን አንድ ቃል ተናገረች፤ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቃት፣ «እሱ የእኛ ነው» አለችና ወደ ሽምብራዋ ተመለሰች።

ሄለን ተሳፋሪዋን እንደገና ሣለቻት። አሁን ስልኩ ሲጠራ ሴትዮዋ ግራ ቀኟን ታያለች። አንገቷን ትደፋና በዝግታ ታወራለች። ሙዚቃው ከጮኸ አይሰማትም፣ «እ? እ?» ትላለች። ረዳቱ ከፈለገ ሙዚቃውን ይቀንስላታል፤ ካልፈለገም ይተዋታል። ቀነሰ ተብሎ ነጥብ አይጨመርለትም፣ ተወ ተብሎም አይቀነስበትም።

ክንዱ ደጋግሞ ተመለከተው። «አሁን እውነት ነው» አለ። «እውነት በመሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።» ኮዱን ጻፈላት፤ ግን ስሙ ከጌሙ እንዲወጣ ጠየቃት። እናቱ አምባ ጊዮርጊስ ናት፣ ወንድሙ መንገድ ላይ ይውላል። ሄለን ከፋት፤ ቢሆንም ስሙን አወጣችለት።

አንድ የወጣቶች ማኅበር ባዘጋጀው የሥራ ማሳያ ላይ ጌሙን አቀረቡት። ሄለን ከሰው ጀርባ እየዞረች የእያንዳንዱን ተጫዋች ጣት ታይ ነበር። አብዛኛው ሰው ሴትዮዋን ልብ አላላትም፤ በዶሮዋና በመምህሩ ጭቅጭቅ እየሳቀ አለፈ። አንድ ጎልማሳ የሴትዮዋ ስልክ ሲጠራ ሙዚቃውን ቀነሰና ጆሮውን አስጠግቶ፣ «ምንድን ነው የምትለው?» ብሎ ጠየቀ። ሄለን «ጊደሯ ውኃ ጠጣች ወይ ነው የምትለው» አለችው። «እ» ብሎ መጫወቱን ቀጠለ። ሄለን በዚያ ቀን ከሰማችው ሁሉ ያችን «እ» ወደደቻት።

ጌሙ በየስልኩ ሲገባ ግን ወሬውም ተከተለ። አንዱ «ከጀርባሽ ማን ነው?» ብሎ ጻፈላት። ሌላው ስልኳን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ደውሎ «እህታችን፣ ሕዝባችንን አኮራሽው፤ አሁን ሁለተኛ ተሳፋሪ ጨምሪና ታሪካችንን ትናገርልን» አላት። ሄለን «ስለ ጊደር ነው የምታወራው እኮ» ብትለው፣ «ገብቶናል፣ ምሳሌ ነው» አለ። ስልኩን ዘግታ ግቢውን ዞረች፣ ደግማ ዞረች። ሰዳቢውም አመስጋኙም ሴትዮዋን አንድ ጊዜ እንኳ አላዳመጧትም። ሌላው ደግሞ በአጭሩ፣ «አንቺ ራስሽ ከየት ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። የቄሱ ልጅ ነኝ ብላ መጻፍ ጀመረች፣ አጠፋችው። የታየች ልጅ ነኝ ብላ ጻፈች፣ እሱንም አጠፋችው። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ግን ለማን ብላ ነው የምትመልሰው?

ከሁሉ የከፋው በኋላ መጣ። ተጫዋቾች መንገድ ላይ የሚያወርዱት ሰው ማን እንደሆነ ለክንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ይታየዋል። አንድ ቀን ሲከፍተው መምህሩን የሚያወርደው ጥቂት ነው፤ ቄሱን የሚያወርደው የለም ማለት ይቻላል። ባለ ጥቁር ሻሿን ግን ብዙ ሰው ያወርዳታል። ስልኩ ይጠራል፣ ታነሳለች፣ ያወርዷታል። አብዛኞቹም የሚያወርዷት ሊማሊሞ ላይ ነው።

 የክንዱ ፊት አመድ መስሏል። ሄለን፣ «እሷን የማትወርድ እናድርጋት» አለች። «ሲጫኑት እምቢ ይበል።»

«ሌላው ሁሉ የሚወርድ ሆኖ እሷ ብቻ የማትነካ ከሆነች» አለ ክንዱ፣ «ያኔ ተሳፋሪ መሆኗ ቀረ።»

«ታዲያ ዝም ብለን እያየን ትጣል?»

«እሱንም አላልኩ።»

ሄለን አዘዞ ወረደች። መደበቅ ሞክራ ነበር፤ ታየች ግን ፊቷን አይታ እስክትነግራት አላስቀመጠቻትም። ሄለን ሰዎች ሴትዮዋን እያወረዷት መሆኑን ነገረቻት። ታየች እጇን ከእህሉ ውስጥ አወጣች።

«የት ላይ ነው የሚያወርዱኝ?»

«ሊማሊሞ ላይ።»

«ብርድ ነው እኮ እዚያ» አለች ታየች።

 ሄለን ከእግሯ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ታየችም ፀጉሯን ዳበሰችላት።

ማራኪ ስትመለስ ክንዱ ጽፎ ጨርሶ ጠበቃት። ማንም ተሳፋሪ፣ ቄሱም ሆነ መምህሩ፣ መንገድ ላይ ከወረደ የሚቀጥለው ጉዞ ላይ እዚያው የወረደበት ቦታ ቆሞ እጁን ያነሳል። ረዳቱ ካልጫነው የሚቀጥለው ጉዞ ላይም እዚያው ነው። ከመንገዱ አይጠፋም። ሄለን የቀራት ሥዕሉ ብቻ ነበር፤ ባለ ጥቁር ሻሿን ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፌስታሏን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ የሊማሊሞ መንገድ ጠርዝ ላይ አቆመቻት።

አንዳንዱ ይጭናታል። አንዳንዱ አልፏት ይሄዳል፤ ጭኖ ደግሞ የሚያወርዳትም አለ። ክንዱ ስሙን አላስመለሰም፣ ሄለንም አልጠየቀችውም። ግን በየሳምንቱ ያንን ገጽ የሚከፍተው እሱ ነው፤ «ዛሬ ስንቱ ጫናት?» ብላ የምትጠይቀውም እሷ ናት። መልሱ ሲከፋ ያን ቀን ምሳ አይበሉም። በዚህ መሀል ሄለን አዲስ መስመር ጀምራለች፣ ከጎንደር ቆላ ድባ የሚወርደውን። ማን ማን እንደሚሳፈርበት ገና አልወሰነችም። ታየችን ብትጠይቃት፣ «የሚሳፈረውን ሁሉ አሳፍሪ» ብላ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።