ከሣሩ ሥር የወጣው ቀለበት

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምላቸው፣ እንግሊዝ አገር ስትሪትሃም የሚባል ሰፈር፣ እኔ በተከራየሁት አፓርታማ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ጡረታ ሲወጡ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚፈልግ ማሽን ገዙ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ከመናፈሻ መናፈሻ ሲዞሩ ይውላሉ። የሚያገኙት የቆርቆሮ ቁራጭና የዛገ ሳንቲም ነው፤ እሳቸው ግን ሎተሪ የወጣለት ሰው መስለው ይገባሉ።

እኔ በረዳትነት በምሠራበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች። በልጆቹ የስፖርት ቀን፣ ሟች ባሏ ያጠለቀላት ቀለበት ሜዳው ላይ ጠፋባት። ስታለቅስ ሳያት አፌ አላስቀመጠኝም፤ አጎቴ ማሽን አላቸው፣ ያገኙልሻል አልኳት። ርዕሰ መምህሯንም ሄጄ አስፈቀድኩ።

ለጋሼስ እንዴት ብዬ ልንገር? እኛ ቤት ትልቅ ሰው አይላክም። ጎንበስ ብለው የጣልኩትን ማንኪያ ሲያነሱልኝ እንኳ የምሳቀቅ ሰው፣ ይሂዱና የሰው ቀለበት ይፈልጉልኝ ልበል? ሞቼ እገኛለሁ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ሰፊ ነው፣ ቅዳሜ ይምጡና ይዝናኑ አልኳቸው። ሲያገኙት ያሳዩኛል፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። ብልጥ ነኝ ባይዋ እኔ!

አገኙት። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላሉም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኞቻቸው ምሳ ላይ ተሰብስበው ሳለ ብድግ አሉና ከኪሳቸው አወጡት፤ አጥበው ወልውለውታል። እግዜር የሰጠኝ ለጧሪዬ ነው ብለው ጣቴ ላይ አጠለቁልኝ። ከዚያ ምርቃቱ ወረደ፦ ትዳር ይስጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ቤትሽ ይሙላ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አሜን ይላሉ። የጋሼ ዓይን እንባ አቅርሯል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሰው ንብረት ነው ብዬ ላዋርዳቸው? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

ሰኞ ቀለበቱን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። አቅፋ አጥንቴን ልትሰብረው ደረሰች። ቤት መግባት ግን ጭንቅ ሆነብኝ። ጋሼ ዓይናቸው ጣቴ ላይ ነው። ሰፍቶኝ ላስጠብበው ሰጥቻለሁ አልኩ። መቼ ነው የሚደርሰው ይላሉ፤ ወረፋ ነው እላለሁ። እራት ላይ ግራ እጄን ጠረጴዛ ሥር እደብቃለሁ። ኪራዩን እየከፈልኩ በገዛ ቤቴ እስረኛ ሆንኩ! ሴትዮዋ ደግሞ በበኩሏ ሰውየውን ካላመሰገንኩ ብላ ያዘችኝ። ዛሬ ደክሟቸዋል፣ ነገ እንግዳ አለባቸው እያልኩ አራዘምኩ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሜዳው ላይ ሲፈልጉ፣ እኔም አብሬያቸው ሳለሁ፣ ሴትዮዋ ኬክ ጋግራ መጣች። መሸሻ የለኝም፤ ጥበቃው እሷን አስገብቶ በሩን መልሶ ቆልፎብናል። አንድ እጃቸውን ይዛ ማውራት ጀመረች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው። ጋሼ ማዳመጫቸውን አወለቁ። መጀመሪያ ቀለበቱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። እንግሊዝኛቸው እምብዛም ስላልሆነ ምን እንደምትል ጠየቁኝ። የባሏን ሞት፣ የስፖርት ቀኑን፣ ለምን ሜዳው ድረስ እንዳመጣኋቸው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ብትነግሪኝ እኮ የእሷ ነው ብዬ እፈልገው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በሰው ቀለበት አስመረቅሽኝ።»

ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። እጃቸውን እንደያዘች ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ ይላሉ» አልኳት።