ለጋሽ ለማ ቤት ምስክርነት

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጀሞ ተነስቼ ወደ አዳማ የሄድኩት ለመዝናናት አይደለም፤ ምስክር ልሆን ነው። የጠሩኝ ጋሽ ለማ ናቸው። ጋሽ ለማ ሳክስፎን ነፊ ናቸው፤ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ላይቭ ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት አላቸው። እኔም በወጣትነቴ አሥራ አንድ ዓመት ኪቦርድ የተጫወትኩት እዚያ ነው። አሁን ሰፈሩ ለልማት እየተነሳ ነው፤ የእሳቸው ቤት ሐሙስ ይፈርሳል። ቤቱ የሙዚቃ ቤት እንደነበረ ከታመነ ባንድ የሚቆምበት ሰፊ ምትክ ቦታ ያገኛሉ። ካልታመነ የሚደርሳቸው አንድ ጠባብ የምግብ መሸጫ ክፍል ብቻ ነው።

"ሦስት ምስክር አምጣ ተብያለሁ" አሉኝ በስልክ። "ጎረቤቴ ቃሏን ሰጥታለች። አንተና ፉፋ ቀራችሁ። መቼም በሰባ ዓመቴ ፓስታ ቀቃይ አታደርጉኝም።"

እሺ አልኳቸው። ምስክርነት ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር፤ የነበረውን ነበር ማለት።

አሮጌው መንገድ

ያገኘሁት ሚኒባስ በፈጣኑ መንገድ የሚሄድ አልነበረም። ሾፌሩ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ እያለ ሰው የሚያወርድና የሚጭን ስለሆነ በአሮጌው መንገድ ነዳው። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ሌላ ነው፣ ረዳቱ አፍ ላይ ሌላ። ተከራክሮ ያሸነፈ ተሳፋሪ አላየሁም፤ እኔም የተባልኩትን ከፈልኩ።

ሞጆ ስንደርስ ከባድ መኪኖቹ መንገዱን ዘግተው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በመስኮት ገባ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ደረቅ ወደቡ ላይ የጉምሩክ አስተላላፊ ነው። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ናዝሬትን ካየሃት ስንት ጊዜህ ነው?"

"አራት ዓመት ይሆነኛል።"

"እንግዲያ አታውቃትም በለኛ" አለና ሻንጣውን ይዞ ወረደ።

እውነቱን ነው። አዳማ ስገባ ሙቀቱና ነፋሱ ብቻ ናቸው የጠበቁኝ። አስፋልቱ ዳር አዲስ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፣ የመብራት ምሰሶዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሱቆቹ ሁሉ ግራጫ ተቀብተዋል። ንጹሕ ነው፤ ቆንጆ ነው ብል አልዋሽም። ግን ከባጃጁ ወርጄ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ ግማሹ የለም። ጸጉር ቤቱ፣ ካሴት የምንቀዳበት ሱቅ፣ ከልምምድ በኋላ ፉል የምንበላበት ቤት ድንጋይና የተጣመመ ቆርቆሮ ሆነዋል። ቀሪዎቹ ግድግዳቸው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። አንዲት ሴትዮ የራሷን በር ከነመቃኑ እየነቀለች ነበር።

የለበሱ ዕቃዎች

ጋሽ ለማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤ የሌላኛውም ብርሃን እየደከመ መሆኑን ያወቅኩት ድምፄን እስኪሰሙ ድረስ ማን እንደሆንኩ ሳይለዩኝ ሲቀሩ ነው።

ቤቱ ያው ነው። ቀን ቀን የሰፈሩ ወጣቶች ያለ ክፍያ ይለማመዱበት የነበረው አዳራሽ፣ ጥግ ላይ መድረኩ፣ ከጓሮ ዕቃ ቤቱ። ዕቃ ቤቱን ሥዕል መሥሪያ እንድታደርገው ለአንዲት ወጣት ሰዓሊ ሰጥተዋት ነበር፤ ሰላም ትባላለች። ስገባ ሸራዎቿን በብርድ ልብስ እየጠቀለለች አገኘኋት።

"የት ልትወስጃቸው ነው?" አልኳት።

"ሁሩታ፣ አክስቴ ጋ። ጎተራ አላት፤ ከገብሱ ጋር ይቀመጣሉ" አለች። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም።

መድረኩን ሳየው ከጋሽ ለማ ጋር ድሮ ዕቃ የምናለብስበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ዕቃ ማልበስ የእኛ የናዝሬት ሙዚቀኞች ዘዴ ነበር። በዚያን ጊዜ ሙዚቃ ያለበት ቤት የተለየ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፣ ግብሩም ይከብዳል። ስለዚህ የግብር ገማቾች ሲመጡ ድራሙ ላይ የጠረጴዛ ጨርቅ እንዘረጋለን፣ ጨርቁ ላይ ሰሃንና ሚጥሚጣ እናስቀምጣለን። ኪቦርዱ አልጋ ሥር ይገባል። ሳክስፎኑን የጋሽ ለማ ባለቤት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ታዝለዋለች። አንዱ ገማች አንድ ቀን ትልቁ ድራም ላይ ተደግፎ ጥብስ በልቶ፣ "ጠረጴዛችሁ ይነቃነቃል፤ አስጠግኑት" ብሎን ሄዷል።

ጋሽ ለማ ይህን ሲያነሱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጉዞ አልሳቅሁም።

ወንጂ

ከሰዓት ፉፋን ልጠራ ወንጂ ሄድኩ። ስልኩ አይሠራም፤ ጋሽ ለማ ሰው ልከውበት መልስ አልመጣም። መንገዱ አጭር ነው። ከከተማው ወጣ እንዳልን ሸንኮራ አገዳው በሁለት በኩል ግድግዳ ሆነ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ከሥራ የሚመለሱ የፋብሪካ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው እንቅልፍ ላይ ናቸው። ፉፋ የእኛ ድራመር ነበር። አሁን የእርሻው ጋራዥ ውስጥ በያጅ ሆኖ ይሠራል፤ ካምፕ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት አለው።

"አካም ጅርታ፣ መስፍን! ሰው ሞቶ ነው?" አለኝ በሩ ላይ።

"ሰውስ አልሞተም" ብዬ የመጣሁበትን ነገርኩት።

ፉፋ ወደ ሚስቱ አየ። ሁለቱም ጌታን ከተቀበሉ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ድራም የሚመታው አሁን ቸርች ብቻ ነው። ሚስቱ ሻይ ቀድታ ሰጠችኝና ተቀመጠች።

"ወንድሜ፣ እዚያ ቤት የለመደውን መጠጥ እንዴት እንደተወ እኔ ነኝ የማውቀው" አለች። "ለመመስከር ብቻ ነው?"

"ለመመስከር ብቻ ነው።"

"እውነት መናገር ኃጢአት የለበትም። ይሂድ" አለች። ከዚያ ለነገ መንገድ የሚሆነው ዳቦ መጠቅለል ጀመረች። አፈርኩ፤ ለምን እንዳፈርኩ ግን ያኔ አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት

ምትክ ቦታ የሚሰጠውን ጽሕፈት ቤት ሰው ሞልቶታል። ሁሉም ፌስታል ውስጥ ወረቀት ይዟል። ተራችን ሲደርስ ያስተናገደችን ኃላፊ ወጣት ናት፤ ለጋሽ ለማ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው። ይህን ለማመስገን ነው የምጽፈው፤ ክፉ ሰው አልነበረችም።

የእኔን ቃል ሰማች። የፉፋን ሰማች። ከዚያ አንድ ያረጀ ፋይል አስመጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የፈቃድ ማደሻ ቅጾች ናቸው፤ ሰባት ዓመት፣ ሰባት ቅጽ። እኔ በመጀመሪያ ያወቅኩት እጅ ጽሑፉን ነው። "ሐ"ን ማስረዘም እወድ ነበር።

የሥራው ዓይነት፦ ምግብና መጠጥ ቤት። ሙዚቃ፦ የለም። ሰባት ጊዜ፣ የለም።

"ይህን ማን ጻፈው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ለማ።

"እኔ ነኝ" አልኩ እኔም በዚያው ቅጽበት። ከባንዱ ውስጥ ጽሑፌ የሚነበብ እኔ ስለነበርኩ ሁልጊዜ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ረስቼው ነበር። የጥብሱን ወሬ ሃያ ዓመት ሳወራ ይህን ረስቼዋለሁ።

ኃላፊዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አየች።

"የትኛውን ልመን? ያኔ የጻፉትን ነው ወይስ አሁን የሚሉትን?"

"አሁን የምለውን። ያኔ ዋሽቼ ነው።"

"ዋሽቻለሁ ያለ ሰው ቃል እንዴት አድርጌ ነው ምስክርነት ብዬ የማያይዘው?" አለች፤ የቁጣ ድምፅ አልነበረም። "ፎቶ የለም? ማስታወቂያ? የባንዱ ውል?"

አልነበረም። ፎቶ ማንሳት ጋሽ ለማ ራሳቸው ከልክለውናል፤ ማስታወቂያ ለጥፈን አናውቅም፤ ውላችንም በአፍ ነበር። አለመያዛችን ጉብዝና ነበር።

ፉፋ ወደ ፊት ጠጋ አለ። "እህቴ፣ ይኸው ግራ ጆሮዬ አይሰማም። እዚያ ቤት የነበረው ሲምባል ነው ያደነቆረው። ምግብ ቤት ውስጥ ጆሮ ይደነቁራል?"

ልጅቷ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። "አዝናለሁ። ጆሮ ፋይል ውስጥ አይገባም" አለች።

ከዚያ ምትክ መቀበያውን ቅጽ አወጣች። የደረሳቸው ክፍል አንድ ሕንፃ ሥር ነው፤ ላዩ መኖሪያ ስለሆነ ድምፅ ማሰማት አይቻልም። ዛሬ ካልተፈረመ እሱም ለሌላ ያልፋል። ጋሽ ለማ ቅጹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሞከሩና ለእኔ ሰጡኝ።

"ሙላልኝ።"

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"እኔ ነኝ ያስጻፍኩህ። በል፣ ምግብ ቤት በል።"

እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ደግመው "በል" አሉኝ። ስምንተኛውን ቅጽ ሞላሁ፤ ሙዚቃ በሚለው ቦታም የለም ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው በዳበሳ ፈረሙ።

የመጨረሻው ልምምድ

ወደ ቤቱ ስንመለስ የመብራት ቆጣሪው ተነቅሎ ተወስዷል። ጋሽ ለማ ሳክስፎናቸውን አወጡ። ፉፋ ትንሽ ቆሞ አሰበ፤ ከዚያ ድራሙ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱን አሰብኳት። እኔ ያለ መብራት ምንም ነኝ። ኪቦርዱ ጀርባ ተቀምጬ ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አደረግሁና እሳቸው የሚነፉትን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወትኩት። የሚሰማው የፕላስቲኩ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነበር።

ጋሽ ለማ ትንፋሻቸው መሃል ላይ እየተቆረጠ ጨረሱ። ሰላም ከጓሮ መጥታ በሩን ተደግፋ ሰማች። ማንም አላጨበጨበም።

ሳክስፎኑን እየፈቱ፣ "አዲሱ ክፍል ውስጥ አፉን በፎጣ ደፍኜ እነፋዋለሁ፤ ለራሴ ይበቃኛል" አሉ። እንደማይበቃቸው አውቃለሁ።

ቤት

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀሞ ገባሁ። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ሰው የሚወደውን ሥራ ሲደብቅ ከገማች ብቻ የሚደብቀው ይመስለዋል። እኛ ያን ቤት ከከተማዋም ደብቀነዋል። የሚያፈርሰው ዶዘር ብቻ ነው እንዳልል የእኔ እጅ ጽሑፍ አለበት።

መታወቂያዬን አውጥቼ አየሁት። ሥራ በሚለው ላይ "የግል" ይላል። ሰኞ ወረዳ ሄጄ ሙዚቀኛ ብላችሁ ቀይሩልኝ እላለሁ አልኳት።

"ማስረጃ ይጠይቁሃል" አለች። "ምን አለህ?"

ያለኝ የጋሽ ለማ ቤት ነው። ነገ ጠዋት ይፈርሳል።